ሃይማኖትና መጽናናት በቤተ ሰብ የዕለት ኑሮ

ስለ ኢትዮጵያ ክርስትና የተጻፉት መጻሕፍት አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለ ነገሥታቱ፥ ስለ ጳጳሳቱ፥ ስለ ገዳማቱና ስለ ሊቃውንቱ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከሕዝቡ የሚበዛው ክፍል ገዳም ሳይገባ፥ ቅኔ ሳይማር፥ ግእዝም ሳይሰማ ክርስቲያን ሆኖ የኖረው በቤቱ ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው አማርኛ ተናጋሪው ቤተ ሰብ በየዕለቱ ኑሮው ሃይማኖቱን በምን በምን እንደሚይዝ፥ በመከራም ጊዜ ከወዴት እንደሚጽናና ነው። የምንጽፈው ባደግንባቸው ቤቶች ካየነውና እናቶችንና ሽማግሌዎችን ጠይቀን ከተረዳነው ስለ ሆነ፥ የሸዋና የአዲስ አበባ ልማድ ከሌላው አገር ልማድ ይልቅ ጎልቶ ቢታይ አንባቢ አይፍረድብን።

በብዙ ቤት ሃይማኖት በቃል አይሰበክም። አንዲቱን እናት ረቡዕ ስለ ምን እንደሚጾም ብንጠይቃት «ጾም ነዋ!» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሊቃውንቱ ረቡዕ በጌታ ላይ ምክር የተመከረበት፥ ዓርብም የተሰቀለበት ቀን ነው ብለው ያስረዳሉ፤ እርስዋ ግን የያዘችው ቀኑን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ የተማሩ ሰዎች የቤቱ ሃይማኖት ባዶ ልማድ ነው ይላሉ። እኛ ግን ነገሩን በቅርብ ስንመረምረው፥ በእነዚህ ልማዶች ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ነገር እናገኛለን። ይኸውም አንዱ ክርስቲያን ሌላውን «ወዴት ጠፋህ? ምን ሆንህ?» ብሎ የመጠየቅ መብትም ግዴታም ያለው መሆኑ ነው።

ይህ ነገር ልጅ ሲወለድ ይጀምራል። ምጥ የያዛት ሴት ባለችበት ቤት የሚሰማው የእመቤታችን ስም ነው፤ ከተገላገለች በኋላም ጠያቂው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ወንድ በአርባ፥ ሴት በሰማንያ ቀን ይጠመቃሉ። በዚያን ቀን ሕፃኑ ማተብ ይታሰርለታል፥ የክርስትና ስም ይወጣለታል፥ የክርስትና አባትም ያገኛል፤ ሴት ብትሆን የክርስትና እናት ታገኛለች። ማተቡ ተራ ክር ነው። ሆኖም ከሃይማኖት ወደ ሰው ጠባይ እንዲህ የተሻገረ ሌላ ቃል በቀላሉ አናገኝም፤ የአደራ ገንዘብ የሚበላውን ሰው «ማተብ የለውም»፥ ቃሉን ያፈረሰውን «ማተቡን በጠሰ» እንላለን። ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ በአንገቱ ያለው ክር ስለ ብድሩና ስለ ምስክርነቱ ይጠይቀዋል ማለት ነው። የክርስትና አባትነትም ለይስሙላ የሚሰጥ ማዕርግ አይደለም። የክርስትና አባቱ ከልጁ ወላጆች ጋር አበልጅ ይሆናል፤ አበልጅነትም እንደ ሥጋ ዝምድና ስለሚቈጠር በመካከላቸው ጋብቻ አይደረግም፤ ልጁም ወላጅ ቢሞትበት የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

ስለ ስም ጥቂት እንጨምር፤ ራሱን ችሎ ሊጠና የሚገባው ነገር ነውና። ወለተ ማርያም፥ ገብረ ሥላሴ፥ ኀይለ ሚካኤል የመሳሰለው የክርስትና ስም የሚጠራው በቁርባን፥ በጸሎትና በፍትሐት ጊዜ ነው። ወላጆች የሚያወጡት የዕለት ስም ግን ብዙ ጊዜ የቤቱን ኀዘንና ተስፋ ይናገራል። ወንድሙ ከሞተ በኋላ የተወለደው ልጅ ምትኩ፥ ካሳ ወይም ካሳሁን ይባላል፤ ለኀዘንተኛው ቤት መርሻ እንዲሆን ማስረሻ የተባለም አለ። እናቲቱ ልጅዋን ለውሃ ወይም ለእንጨት በጠራች ቍጥር ያጣችውንና የተሰጣትን ባንድ ቃል ታነሣለች። በክፍላችን የስም መዝገብ ሲጠራ ልብ ብሎ ያዳመጠ ተማሪ የአያሌ ቤቶችን ታሪክ በአምስት ደቂቃ ይሰማል።

የቤቱ ቀን አቈጣጠርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ባላገሩ ዕዳውን የሚከፍለው «ለሚካኤል» ወይም «ለማርያም» እንጂ «በወሩ 12» ወይም «በወሩ 21» አይደለም። ስለ አጽዋማቱ በሌላ ስፍራ ብዙ ስለ ተጻፈ፥ ሁዳዴ 55 ቀን፥ ፍልሰታም 15 ቀን መሆኑን ከማስታወስ በቀር እዚህ አናስፋፋም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን በቤት ውስጥ ጾም ከሁሉ አስቀድሞ የሴቲቱ ሥራ መሆኑ ነው። ሽሮውን የምታስፈጨው፥ ተልባውን የምትቈላው፥ የጾሙን ድስት ከፍስኩ ድስት የምትለየው እርስዋ ናት፤ በቤቱ ማን እንደ ጾመና ማን ሕመም እንዳለበት አስቀድማ የምታውቀውም እርስዋው ናት። በፍልሰታ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ጾመው ሲቈርቡ፥ ታናሹ ልጅ «እኔም ልጹም» ብሎ ከታላላቆቹ ጋር ሲታገል፥ ሃይማኖትን የሚማረው ከማንም ስብከት ይልቅ በእናቱ ዓይን ሥር ነው።

ከቤቱ ሳይወለድ እንደ ቤቱ ሰው የሚቈጠረው የነፍስ አባት ነው። እየመጣ በመስቀሉ ይባርካል፥ ጠበል ይረጫል፥ ንስሐ ይሰማል። ጠላው ሲደርስ ብቻ ብቅ ይላሉ እየተባለ የሚቀለድባቸው ቄሶች እንዳሉ አንክድም፤ ቀልዱም አንዳንዴ እውነት ነው። ነገር ግን በአባወራው ቤት ገብቶ፥ በአባወራው ወንበር ተቀምጦ፥ «ከወንድምህ ጋር ስለ ምን አትነጋገርም? ሚስትህን ስለ ምን ታስለቅሳለህ?» ብሎ አባወራውን ሊጠይቅ የሚችል ሌላ ሰው ማን ነው? ባልና ሚስት ሲጣሉ ከዳኛ በፊት የሚጠራው እርሱ ነው። በአደባባይ የሚያፍሩበት ነገር በጓዳ የሚያልቀው በዚህ ዘዴ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልንዘገይበት ወደ ፈለግነው ወደ ጽዋ ማኅበር እንለፍ። ጽዋ ማኅበር ማለት ጥቂት ሰዎች በአንድ ቅዱስ ስም ተሰብስበው በየወሩ በተራ በየቤታቸው የሚደግሱት ዝክር ነው። የሚካኤል ማኅበርተኛ በ12፥ የማርያም በ21፥ የመድኃኔ ዓለም በ27 ይሰበሰባል። ባለተራው ዳቦ ይደፋል፥ ጠላ ይጠምቃል፥ እንደ ዐቅሙም ወጥ ይሠራል። ቄሱ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይባርካል፤ ሙሴ የተባለው የማኅበሩ አለቃ ሥርዓቱን ያስከብራል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ባለተራ ተሰጥቶ ወደ ቤቱ ይወሰዳል። ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። አባት ሲሞት ልጁ በቦታው ይገባል፤ ስለዚህ ሦስት ትውልድ የቈየ ማኅበር ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። በደጅ የሚቀመጡትም ድኾች ከዝክሩ ድርሻ አላቸው። አማርኛችን ለማኙን «የኔ ቢጤ» ብሎ መጥራቱን እዚህ ላይ እናስታውስ፤ እኔን የመሰለ፥ የእኔ እኩያ ማለት ነው።

ተመልካቹ ይህን አይቶ የመብልና የመጠጥ ነገር ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን ጽዋው በቂም አይጠጣም። የተጣሉ ማኅበርተኞች ካሉ ሙሴውና ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ያስታርቋቸዋል፤ እንቢ ያለ በዚያን ቀን ከጽዋው ይከለከላል። የታመመ ካለ ድርሻው በልጅ እጅ ይላክለታል፤ የላኩትም ልጅ ተመልሶ በሽተኛው እንዴት እንደ ሰነበተ ይናገራል። ከዚህም በላይ ተራ የሚባለው ነገር የማኅበሩን ሰው ሁሉ በየሰው ቤት ያስገባዋል። ባለጠጋው በዓመት አንድ ቀን ከድኻው መደብ ላይ ይቀመጣል፤ የጣራውን ማፍሰስ፥ የጎተራውን መጕደል ያያል። ድኻውም «ቸግሮኛል» ብሎ ሳይናገር ይታወቅለታል። በእኛ አስተያየት የጽዋ ማኅበር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ የተቸገረውን ሰው ከመለመን ያድነዋል።

ሞት በመጣ ጊዜም ይኸው ሥርዓት ይሠራል። ለቅሶ ቤት ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ ኀዘንተኛው ስለ ማብሰል አያስብም። «እግዜር ያጥናችሁ» የሚለው ቃል አጭር ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። የሚያጽናናው ግን ቃሉ ብቻ አይደለም። ሠልስት እስኪወጣ ድረስ ሰው አብሮ ያድራል፤ ልጅዋ ሞቶባት አልበላም ያለችውን እናት «በሞቴ፥ አፈር ስሆን» እያሉ በግድ ያጐርሷታል። በሌላ ቀን የግብዣ ቃል የሆነው «በሞቴ» ሞት በገባበት ቤት ሲነገር እንዴት ያለ ኀይል እንዳለው ሰምቶ የማያውቅ ያለ አይመስለንም። ስለ ተዝካር ግን የተማሩ ሰዎች ብዙ ተችተዋል፤ በአርባ ቀን ለሚደገሰው ድግስ በሬውን ሸጦ፥ ተበድሮም የሚደኸየው ገበሬ ጥቂት አይደለምና በዚህ ነገር ትችታቸው ትክክል ነው። ወጪው ሊቈረጥ ይገባዋል። ነገር ግን ተቺዎቹ ብዙ ጊዜ ያልመረመሩት ነገር አለ፤ የሦስተኛው፥ የሰባተኛው፥ የአርባኛው፥ የሰማንያኛው ቀን፥ የመንፈቁና የሙት ዓመቱ መታሰቢያ ኀዘንተኛውን በመጀመሪያው ሳምንት ጐርፎበት በሁለተኛው የሚረሳው እንዳይሆን አድርገውታል። ሰው የሚመለስበት ቀን አስቀድሞ ተቈርጦለታል። ይህ በሽምብራ ንፍሮና በጸሎትም ሊፈጸም ይችላል።

እስካሁን የገለጽነው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ልማድ ነው። ከእኛ መካከል በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርን ግን ሌላም ዓይነት ቤት እናውቃለን፤ በዚያ ማታ ማታ መጽሐፍ ቅዱስ ባማርኛ ይነበባል፥ ይዘመራል፥ እያንዳንዱም በራሱ ቃል ይጸልያል። በእንዲህ ያለው ቤት ብዙ ጊዜ ማንበብ የሚችለው ልጁ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ከፍቶ ልጁ ሲያነብ፥ አባቱ ከኑሮው ምሳሌ እየሰጠ ይተረጕማል፤ ልጅ ፊደሉን፥ አባት ትርጕሙን ይዘው አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። የሁለቱ ወገኖች ልማድ በብዙ ነገር ይለያያል፤ ሁለቱም ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ሕንጻ ይልቅ በቤቱ ይታመናሉ ብንል ከእውነት አንርቅም። በወላይታ ሚስዮናውያኑ በጣልያን ወረራ ጊዜ በ1929 ዓ.ም. አገሩን ሲለቁ የተጠመቁት አማኞች ከመቶ አይበልጡም ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ብዙ ሺህ ሆነው ቈዩአቸው። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘግቶ ንብረትዋን በወረሰ፥ መሪዎችዋንም ባሰረ ጊዜ፥ ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰበሰቡ ጀመር፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥም ከቀድሞው በብዙ እጥፍ በዝተው ወጡ። በጥቂት ሰዎች ስብሰባ የቀረ ሰው ወዲያው ይታወቃል፤ በትልቅ አዳራሽ ግን ወር ሙሉ ቢቀርም ልብ የሚለው የለም።

ዛሬ ቤቱ ራሱ ተለውጦአል። በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ ከግቢ ቤት ወጥቶ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቶአል። ሌላውም ልጆቹን ወደ አሜሪካ፥ ወደ አውሮፓና ወደ ዐረብ አገር ልኮአል። ከልማዶቹ የትኞቹ እንደሚጸኑ ስንመለከት፥ ሰው ብቻውን ሊያደርገው የሚችለው ሁሉ በቀላሉ ይጸናል። በሰው ቤት ለሥራ የገባች ልጅ በባዕድ አገር፥ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ከተማ፥ ረቡዕና ዓርብን ልትጾም ትችላለች፤ ማተብዋንም ከልብስዋ ሥር ልትይዝ ትችላለች። የሚጠይቃት ግን የለም። እናትዋ በስልክ «ፍልሰታን ያዝሽው ወይ የኔ ልጅ?» ስትላት ስለ መብል ብቻ የምትጠይቃት አይመስለንም፤ ደኅና መሆንዋን፥ የሚከፋትም ነገር እንዳለ የምታውቅበት መንገድ ይህ ነው።

ሰው ከሰው ጋር የሚያደርገው ልማድ ግን እየተቸገረ ነው። በውጭ አገር ያሉ ብዙ ማኅበሮች፥ የቢሮ ሰዓት የያዛቸው የከተማ ማኅበሮችም፥ ዝክሩን ከቅዱሱ ቀን ወደ ሰንበት አዛውረዋል። ሽማግሌዎች በዚህ ያዝናሉ። እኛ ከቀኑ መዛወር ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ አንዳንዶቹ ለባለተራው ድካም እንዳይሆንበት ብለው ተራውን አስቀርተው በአዳራሽ ወይም በምግብ ቤት መሰብሰብ ጀምረዋል። ገንዘቡ እኩል ይዋጣል፥ ሳሕን የሚያጥብ የለም፥ ሁሉም ደስ ብሎት ይመለሳል። ነገር ግን የማንም ጣራ አይታይም። ሥራ የተፈታውም፥ ከሚስቱ የተለየውም፥ ኪራይ ያቃተውም መልካም ልብሱን ለብሶ መጥቶ፥ በልቶ ይሄዳል።

ከዚህ በተቃራኒ በአዲስ አበባ የምናውቀው አንድ የወጣቶች የሚካኤል ማኅበር አለ። ማኅበርተኞቹ አብዛኞቹ ባንድ ክፍል ኪራይ የሚኖሩ ሲሆኑ፥ ድግሱን በአንድ ዳቦ፥ በንፍሮና በቡና ወስነውታል። ክፍሉ ለሚጠብበው ሰው ሌላ ማኅበርተኛ ወንበርና ብርጭቆ ያውሰዋል፥ የሚተርፈውም ሰው በደረጃው ላይ ይቀመጣል፤ ተራው ግን ለማንም አይታለፍም። ባለፈው ወር የደረሰው ከማኅበሩ ሁሉ አዲስ ለሆነ፥ ከክፍለ አገር ለመጣ ልጅ ነበር። ሙሴው ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ፥ ሌሎቹም ተከትለውት፥ እስከ አራተኛው ፎቅ ድረስ በእግር ወጥተው አስረከቡት።