ከበረዶው ጋር የማይጠፋው ጨው፦ የሳይንስ ቪዲዮ በኮሌጅ ክፍል ውስጥ

ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኘው አነስተኛዋ ክሪስታል ከተማ ስሟን የወሰደችው ከክሪስታል ሐይቅ ነው። የሚያስገርመው፣ ሐይቁ ዛሬ የሚገኘው በጎረቤቷ በሮቢንስዴል መሆኑ ነው። ለክሪስታል የቀሯት የመንትያ ሐይቆች ከፊልና በክልሏ የሚያልፈው ባሴት ጅረት ናቸው። የበረዶው ወራት በገባ ቁጥር በጎዳናዎቿ፣ በመኪና ማቆሚያዎቿና በየቤቱ ደጃፍ የሚበተነው ጨው፣ በረዶው ሲቀልጥ የሚወርደው ወደ እነዚሁ ውሃዎች ነው።

ብዙ ሰው ጨው ከቀለጠው በረዶ ጋር ታጥቦ እንደሚሄድ ያምናል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያገኙት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ በሁለቱ መንትያ ከተሞች አካባቢ ከሚበተነው የመንገድ ጨው 70 በመቶ ያህሉ እዚያው በአካባቢው አፈር፣ የከርሰ ምድር ውሃና ሐይቆች ውስጥ ይቀራል። የጨው አካል የሆነው ክሎራይድ አይተንም፣ ረቂቅ ተሕዋስያንም አያፈርሱትም። ጨዋማው ውሃ ክብደት ስላለው ወደ ሐይቁ ወለል ይሰምጣል። በዚህም የተነሳ የላይኛውና የታችኛው ውሃ በየወቅቱ እንዳይደባለቅ፣ ኦክስጅንም ወደ ታች እንዳይደርስ እንቅፋት ይሆናል። በክሪስታል ሰሜናዊ ክፍል የሚወርደው ውሃ በመንትያ ሐይቆች በኩል የሚደርስበት የሺንግል ጅረት፣ የክሎራይድ ጭነቱን ለመገደብ እ.ኤ.አ. በ2007 ልዩ ዕቅድ የጸደቀለት ነው።

ይህን ጉዳይ ለኮሌጅ ተማሪ እንዴት ማስተማር ይቻላል? እንደ ሰሜን ሄነፒን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ባሉ፣ በአቅራቢያው ብሩክሊን ፓርክ ውስጥ በሚገኙ ተቋማት የሚያስተምር መምህር በእጁ ያለው ቀላሉ መሣሪያ ቪዲዮ ነው። መብራት ማጥፋትና ረጅም ዘጋቢ ፊልም መክፈት ግን ማስተማር አይደለም።

«ቬሪታሲየም» የተሰኘውን የሳይንስ ቻናል የመሠረተው ዴሪክ ሙለር እ.ኤ.አ. በ2008 በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ይህንኑ ፈትሿል። ፊዚክስን በጥራት የሚያብራራ ቪዲዮ ያዩ ተማሪዎች ትምህርቱ ግልጽና ቀላል እንደነበር ተናገሩ፤ ከ26 ነጥብ 6.0 የነበረው አማካይ ውጤታቸው ግን ወደ 6.3 ብቻ ከፍ አለ። የተሳሳተውን እምነት አስቀድሞ አንሥቶ የሚሞግት ቪዲዮ ያዩት ተማሪዎች በአንጻሩ ትምህርቱ ግራ እንዳጋባቸው ቢናገሩም፣ ውጤታቸው ወደ 11 ገደማ አደገ። ነገሩ ለመምህራን የማይጥም እውነት ነው፤ ተማሪ የወደደው ቪዲዮ ያስተማረው ቪዲዮ ላይሆን ይችላል። ርዝመትም ሌላው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ምልከታዎችን መርምረው፣ የቪዲዮው ርዝመት ምንም ያህል ቢሆን የተመልካቾች መካከለኛ (ሚዲያን) የቆይታ ጊዜ ከ6 ደቂቃ እንደማይበልጥ አሳይተዋል።

ስለ ጨው የሚያስተምረው መምህርም ቪዲዮውን ከመክፈቱ በፊት «በደጃፋችሁ የበተናችሁት ጨው በሐምሌ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ቢቀበል፣ የተማሪው ግምት ከማስረጃው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ከዚያ በኋላ ስሌት ይከተላል። የሚኒሶታ የብክለት ቁጥጥር ኤጀንሲ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን ማለትም 19 ሊትር ያህል ውሃ ለዘለቄታው ይበክላል ይላል። ሞላ ያለ ማንኪያ 7 ግራም ገደማ ጨው ቢይዝ፣ ከዚህ ውስጥ 4 ግራም የሚበልጠው ክሎራይድ ነው። ይህ በ19 ሊትር ሲካፈል፣ ክፍለ ግዛቱ የውሃ ውስጥ ሕይወትን ለመጠበቅ ወደ ደነገገው በሊትር 230 ሚሊግራም ጣሪያ ይጠጋል። በማያ ገጹ ላይ የታየው ነገር በተማሪው እጅ ሲሰላ፣ ቀጥሎም ከጅረቱ በተቀዳ ውሃ ላይ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ሲነከር፣ ቪዲዮው የትምህርቱ መግቢያ እንጂ ትምህርቱ ራሱ እንዳልሆነ ይታያል።

ዘዴው ለጨው ብቻ የሚሠራ አይደለም። በመንትያ ከተሞቹ ክፍሎች ወላጆቻቸው ከኢትዮጵያ የመጡ ተማሪዎች ይገኛሉ፤ ለእነርሱ የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ (ዶ/ር) የሚታዩበትና ስለ ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የተሠራው አጭር ፊልም የቅርብ ነው። በደቡብ ጎንደር ማሳዎች መካከል እንደ አረንጓዴ ደሴት የቀሩት ደኖች ከአየር ሲታዩ ዓይን ይይዛሉ፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው፣ ውበቱ ጥያቄውን ይሸፍነዋል። ፊልሙ ቆም ተደርጎ «ትልልቆቹ ዛፎች እያሉ ችግኝ ለምን አይበቅልም?» ቢባል፣ ከብቶች ገብተው እንደሚግጡትና እንደሚረግጡት ተማሪው ራሱ ይደርስበታል። ገበሬዎች ከማሳቸው በለቀሙት ድንጋይ በደኑ ዙሪያ የካቡት አጥር ከዚያ በኋላ ትርጉም ያገኛል፤ ማሳውም ከድንጋይ ይጸዳል፣ ደኑም ከከብት ይጠበቃል።

በክሪስታል ደግሞ ጨው የሚበትነው ሰው ሩቅ አይደለም። ከተማሪዎቹ መካከል ከትምህርት ሰዓት ውጪ በመደብሮችና በሕንፃ ጥገና የሚሠሩ ይኖራሉ። የንግድ ቤት ባለቤትም ደንበኛ ተንሸራቶ ወድቆ እንዳይከሰው ሰግቶ እጁን ሳይሰስት ይበትናል። የሚመከረው መጠን ግን ትንሽ ነው፤ 6 ሜትር ለሚሆን የመኪና መግቢያ አንድ ትልቅ የአሜሪካ የቡና ኩባያ (የእኛ ሲኒ አይደለም) ይበቃል። በጨው ፍሬዎቹም መካከል 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት መኖር አለበት። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ደግሞ የተለመደው የመንገድ ጨው በረዶውን በአግባቡ ስለማያቀልጠው፣ በዚያን ቀን የሚያስፈልገው አካፋና አሸዋ ነው።