መዋቅር ሲለወጥ የተተከለው ችግኝ የማን ኃላፊነት ነው? የነገሌ ቦረናና የአካባቢዋ ቆላማ ከተሞች ጉዳይ

ነገሌ ቦረና በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የሦስት ዞኖች መቀመጫ ሆናለች። ሰፊው የቀድሞ ቦረና ዞን የሚተዳደረው ከዚህች ከተማ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ጉጂ ራሱን ችሎ በዞን ደረጃ ከተዋቀረ በኋላ የቦረና መቀመጫ ያቤሎ ስትሆን፣ ነገሌ የጉጂ መቀመጫ ሆና ቆየች። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ጨፌ ኦሮሚያ ከቦረና፣ ከጉጂና ከባሌ ዞኖች የተውጣጡ ወረዳዎችን ያቀፈ የምሥራቅ ቦረና ዞን እንዲደራጅ ወሰነ፤ ነገሌም የአዲሱ ዞን ማእከል ሆነች። ውሳኔው በተለይ በጉጂ ነዋሪዎች ዘንድ ብርቱ ቅሬታ ማስነሣቱ ይታወቃል።

ባለጉዳዮች አዘውትረው የሚያነሡት ጥያቄ ግን ጉዳያቸውን ከእንግዲህ የት እንደሚያቀርቡ ነው። በኦሮሚያ ክልል ዞን የክልሉ መንግሥት የአስተዳደር እርከን ሲሆን፣ ሕዝብ የሚመርጠው ምክር ቤት ያለው በወረዳ፣ በከተማና በቀበሌ ነው። ስለዚህ የዞን ለውጥ ብቻውን የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤትን አያፈርስም። የነዋሪነት መታወቂያም ሆነ የመሬት ይዞታ ጉዳይ የሚጀመረው እንደ ቀድሞው ከታች ነው። የሚለወጠው ቀጣዩ እርከን ነው፤ ትናንት አቤቱታውን ይዞ ያቤሎ ወይም ሮቤ ይሄድ የነበረ ሰው ዛሬ ነገሌ ይመጣል። መዝገብ ከአንድ ዞን ወደ ሌላ ሲዛወር መዘግየት ስለሚኖር፣ ባለጉዳይ የተሰጠውን ውሳኔ ቅጂ ቀኑና የደብዳቤ ቁጥሩ በግልጽ የሚነበብ ሆኖ በእጁ ቢይዝ ይበጀዋል።

በየተከላ ቦታው ያለው ችግኝም በዚህ ለውጥ ውስጥ ያልፋል። ችግኝ ጣቢያው፣ የጥበቃ ሠራተኛው ደመወዝና የውኃ ማመላለሻው በወረዳ በጀት የሚሸፈን ከሆነ፣ ወረዳው ለሌላ ዞን ተጠሪ በሚሆንበት ጊዜ የተከላ ቦታዎቹ ከርክክብ ሰነዱ ሊዘነጉ ይችላሉ። ሰነዱ የቢሮ ዕቃና ተሽከርካሪ እንደሚቆጥር ሁሉ፣ የት፣ መቼ፣ ምን ዓይነት ችግኝ እንደተተከለና ማን እንደሚጠብቀው መመዝገብ ይኖርበታል።

የጊዜው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር በመላ አገሪቱ የአንድ ቀን ተከላ የተካሄደው ሐምሌ 22 ነበር። ሐምሌ ለደጋው የዝናብ ወር ነው። በቦረና ቆላ ግን ቀዝቃዛና ደረቅ ወቅት ነው፤ ዋናው ዝናብ ገና ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው ሀገያ ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይዘንባል። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ ሥር ሳይሰድ ነፋስና ድርቀት ይጠብቀዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ሲቀሩ፣ ለከብት እንኳ ውኃ በታጣበት አገር ችግኝን በጀሪካን ማጠጣት የማይታሰብ ነበር። ተከላው የአካባቢውን ዝናብ እንጂ የአገር አቀፉን ዘመቻ ቀን መከተል የለበትም።

ዛፍ የማይተከልበትም ቦታ አለ። ከነገሌ አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ የሣር ምድር ነው፤ በዓለም ላይ በጥቂት ስፍራዎች ብቻ የቀረች፣ ለመጥፋት የተቃረበች ትንሽ ወፍ ትኖርበታለች። አርብቶ አደሩን ለዓመታት ያስጨነቀው የዛፍ እጥረት ሳይሆን ግጦሹን የወረረው ቁጥቋጦ ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የችግኝ ጉድጓድ መቆፈር ለከብቱም ለወፏም ጉዳት ነው። ፕሮሶፒስ የተባለው ወራሪ ዛፍ በአፋር ያደረሰው ጥፋትም በፍጥነት ለሚያድግ ማንኛውም ባዕድ ዛፍ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

በከተማ ውስጥ ግን ጥላ ያስፈልጋል። ለመንገድ ዳርና ለትምህርት ቤት ቅጥር ኒምና የአካባቢው ግራር፣ ለመኖሪያ ግቢ ሽፈራውና ፓፓያ ይስማማሉ። ችግኝ የሚፈልግ ነዋሪ የገና ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ በየካቲት ወር፣ ቀበሌውን ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ ይመረጣል። ጉድጓዱን ቀደም ብሎ ማዘጋጀት፣ ችግኙን ከፍየል በእሾህ ማጠርና ከሳሙና ነጻ የሆነውን የእጣቢ ውኃ ወደ ሥሩ ማፍሰስ በደረቁ ወራት ያቆየዋል።