ቡራዩ ለመከራየት ካሰቡ

ጎረቤትዎ አዲስ አበባ ውስጥ የነበረውን የእንጨት ሥራ ቤት ዘግቶ ቡራዩ ሲከፍት “ኪራይ ረክሶለት ነው” ብለው ይሆናል። ምናልባት እርስዎም ከባለቤትዎ ጋር ያጠራቀማችሁትን ይዛችሁ ወደዚያው እያያችሁ ነው። ኪራዩን ማስላት ቀላል ነው። ቦታው ማዋጣት አለማዋጣቱን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው።

ጀርመናዊው ምሁር አልፍሬድ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ከማጓጓዣ ይጀምራል። ጥሬ ዕቃው ሲሠራ ክብደቱ የሚቀንስ ከሆነ ፋብሪካው ወደ ጥሬ ዕቃው ይጠጋል፤ ውሃ ተጨምሮበት የሚከብድ ከሆነ ደግሞ ወደ ገዢው። ሜታ አቦ ቢራ ሰበታ፣ ውሃ አሻጊዎች ሱሉልታ መቀመጣቸውን በዚህ ዓይን ይዩት፤ ውሃው እዚያው አለ፣ ጠጪውም አዲስ አበባ ነው። (አምቦ ውሃ ለብቻው ነው። ጋዙ ከምንጩ ጋር የሚወጣ ስለሆነ፣ ገዢው ቢርቅም ጠርሙሱ በቡራዩ በኩል መጓዙ አይቀርም።)

የሚከፍቱት ብሎኬት ማምረቻ ከሆነ ቡራዩ ሊያዋጣዎት ይችላል። ብሎኬት ክብደቱ ብዙ፣ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ቤት ከሚሠራበት ሰፈር በራቀ ቁጥር ትርፉን የጭነት መኪናው ይበላዋል። ልብስ ስፌት ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ጨርቁን ማመላለስ አይከብድም፤ የሚከብደው በየጠዋቱ ታክሲ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሠራተኛ ነው። መንገዱም አንድ አይደለም፦ ሱሉልታ በጎጃም፣ ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦና በነቀምቴ መንገድ ላይ ናቸው። ከጎጃም ጤፍ እያስመጡ ቡራዩ መጋዘን መያዝ ነዳጅ ማቃጠል ነው።

ከአስኮ ወደ ቡራዩ ሲያልፉ አስፋልቱ ያው ነው፤ አስተዳደሩ ግን የኦሮሚያ ነው። ንግድ ፈቃድዎም ግብርዎም ወደዚያ ይዞራል፣ የቢሮው የሥራ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነው። “ከአዲስ አበባ ስወጣ የግብር እፎይታዬ ይረዝማል” የሚል ተስፋ ካለዎት ቆም ይበሉ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ረድፍ ነበር ያስቀመጠው፤ ረዘም ያለው እፎይታ ከዚያ አልፎ ለሄደ ነበር። የዛሬውን ከኢንቨስትመንት ቢሮ ይጠይቁ።

ከሁሉም የሚከብደው የመሬቱ ጉዳይ ነው። እነዚህ ከተሞች የሰፉት በገበሬ ማሳ ላይ ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያስነሳው ተቃውሞ የብዙ ሰው ሕይወት ካስከፈለ በኋላ ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ በዚያው ዓመት ሕገ ወጥ የተባሉ በርካታ ቤቶች ፈረሱ። “እኔ ተከራይ ነኝ፣ ምን አገባኝ” አይበሉ። ቤቱ ሲፈርስ ኪሳራው የባለቤቱ ብቻ አይሆንም፤ የመጋዝ ማሽንዎም፣ ለማሽኑ ያስገቡት ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪም፣ ያለመዱት ደንበኛም አብረው ይበተናሉ።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት አከራዩን ካርታ ያሳዩኝ ይበሉ። በካርታው ላይ ያለውን ስም ከመታወቂያው ጋር ያስተያዩ፤ የከተማው መሬት ቢሮ ሄደውም ያረጋግጡ። “ካርታው ነገ ይመጣል” እያለ ሳምንት ካስቆጠረ፣ ኪራዩ ለምን እንደረከሰ ያኔ ይገባዎታል።