ሊወድቅ የተቃረበን ቤት ማን ያፍርስ? በማንስ ገንዘብ?

በወልዲያ፣ በመርሳና በሐብሩ ትንንሽ ከተሞች ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣ ጥያቄ ነው፦ ግድግዳው ያጋደለው ቤት ሰው ላይ ሳይወድቅ ማን ያፍርሰው? ነገሩ የምህንድስና ጉዳይ ይመስላል። ለባለሙያ ግን አንድን ቤት አይቶ «ይህ ለሕይወት ያሰጋል» ማለት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጉዳዩ የሚከብደው ወረቀቱ ግዥና ፋይናንስ ሲደርስ ነው።

እነዚህ ከተሞች ያሉበት ሰሜን ወሎ በበልግም በክረምትም ይዘንብበታል። ከድሮ ቤቶች ብዙዎቹ የእንጨትና የጭቃ ናቸው። ቆርቆሮው ሲበሳ ውሃው ግድግዳውን ከላይ እያራሰ ይወርዳል፤ መሬት ውስጥ የተቀበረውን ቋሚ ደግሞ ምስጥና እርጥበት ይበላዋል። ልስኑ ሁሉን ስለሚሸፍነው ከመንገድ ሲያዩት ደህና የሚመስል ቤት በጣሪያው ክብደት ብቻ ቀጥ ብሎ የቆመ ሊሆን ይችላል። ማገሩን በዲጂኖ ነካ ሲያደርጉት እንደ ዱቄት ከረገፈ፣ ያ ቤት ነገ ዛሬ የሚባልበት አይደለም።

በዚህ ላይ ከተሞቹ ያሉት በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ያፈራረሰው በዚሁ ጠርዝ፣ ከዚህ በስተደቡብ ነው። የሰሜኑ ጦርነት ያደረሰው ጉዳትም አለ። ወልዲያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይታለች። እሳት የበላው ኮንክሪት ቆሞ ቢታይም ውስጡ ያለው ፌሮ አቅሙን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ከባድ መሣሪያ የተተኮሰበት ፍርስራሽ ውስጥ ደግሞ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ስለሚችል፣ ኤክስካቫተሩ ከመግባቱ በፊት ሙያተኛ ሊፈትሸው ይገባል። ይህን የማይጠቅስ የማፍረስ ውል ጎደሎ ነው።

ሕጉ ባዶ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 የሕንጻ ሹም የሚባል ኃላፊ አቁሟል፤ አደገኛ ሆኖ ያገኘውን ሕንጻ ባለቤቱ እንዲጠግን ወይም እንዲያፈርስ፣ ነዋሪውም እንዲወጣ የማዘዝ ሥልጣን ሰጥቶታል። አዋጁ በዋናነት የታሰበው 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነው። በ1999 ቆጠራ 46,139 ነዋሪ የነበራት ወልዲያ ያለ ጥርጥር ትገባበታለች፤ ለሐብሩ ትንንሽ የገጠር ከተሞች ግን አዋጁ የሚደርሰው ክልሉ ሲወስን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2077 ሕንጻው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል።

«ባለቤቱ» ማን ነው ሲባል ነገሩ ይወሳሰባል። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። ርካሾቹና ያኔም ያረጁት ቤቶች እነሱ ነበሩ ማለት ነው። ስለዚህ ከተማው «ቤትህ ሊወድቅ ነውና አፍርስ» የሚል ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚመጣው ለራሱ ለከተማው ነው። አዛዡም ባለቤቱም ከፋዩም አንድ ይሆናሉ። ተከራዩ ደግሞ ለመጠገን አቅምም ፈቃድም የለውም። የግል ባለቤት ሲሆን ከተማው አፍርሶ ወጪውን መጠየቅ ይችላል፤ ግን ጣሪያውን ማስቀየር ካቃታቸው እናት ምን ያህል ይሰበሰባል?

ወደ ግዥው እንምጣ። የተለመደው መንገድ ግልጽ ጨረታ ነው፤ በበኵር ጋዜጣ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሰነድ ይሸጣል፣ ሲፒኦ ይያዛል፣ ፖስታ ይከፈታል፣ ቅሬታ ይሰማል። ለመንገድ ሥራ ይህ ተገቢ ነው። ነገ ለሚወድቅ ግድግዳ ግን የሳምንታት ጉዳይ ነው። ለዚህም ነው የቀድሞው የፌዴራል የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 አስቸኳይ ምላሽ ለሚሻ ጉዳይ ቀጥታ ግዥን ፈቅዶ የነበረው። ክልሎች የራሳቸው የግዥ ሕግ ቢኖራቸውም አካሄዱ ተቀራራቢ ነው።

ቀጥታ ግዥም የራሱ ጣጣ አለው። በጭንቅ ሰዓት ዋጋ የሚጠየቅ ማሽን አከራይ የፈለገውን ይጠራል። የፈረመው ኃላፊ ደግሞ ኦዲተር በመጣ ጊዜ «ለምን አላወዳደርክም?» መባሉን ስለሚያውቅ መፈረምን ይፈራል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ከግድግዳው ሥር የሚያድረው ሰው ነው።

በእኔ እምነት መውጫው ሕጉ ራሱ የሚያውቀው የማዕቀፍ ውል ነው። ከተማው በበጋ፣ ማንም ሳይቸኩል፣ ጨረታ አውጥቶ ሁለት ሦስት ተቋራጮችን በነጠላ ዋጋ ይይዛል፦ ኤክስካቫተር በሰዓት ከነነዳጁ፣ ገልባጭ መኪና በምልልስ፣ ፍርስራሽ በሜትር ኩብ፣ የቀን ሠራተኛ በቀን። አደጋ ሲመጣ የሚቀረው ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው። መርሳ ብቻዋን ለዚህ ትንሽ ገበያ ከሆነች፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ወልዲያ ጋር አንድ ላይ መግዛት ይቻላል።

ውሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቆርቆሮው፣ እንጨቱና ፌሮው ነው። በአገራችን «አፍርሶ ለሚወስድ» ብሎ ቤት መሸጥ የቆየ ልማድ ነው፤ የፍራሹ ዋጋ የማፍረሻውን ወጪ ሊያቃልል ይችላል። ለአስቸኳይ ሥራ ግን አደገኛ ነው፤ ፍራሹን የሚፈልግ ሰው ቆርቆሮውን ሳይጎዳ ለማውረድ ሲል ሠራተኛ ጣሪያ ላይ ያወጣል፣ መሬት ሆኖ በማሽን መጣል የነበረበትን ግድግዳ ከሥሩ በእጅ ይነካካል። ፍራሹ ተቆጥሮ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ተቋራጩ ለሥራው ይከፈለው።

አስቸኳይነት ሰበብ እንዳይሆንም መጠበቅ አለበት። ሕዝቡ «አደገኛ» የሚለውን ምልክት ቦታ ለመውሰድ የተዘየደ ዘዴ አድርጎ ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ ለልማት የሚነሣ ሰው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ ሲጠይቅ፣ በአደገኛነት የሚፈርስበት ግን ያ መብት አይታየውም። ስለዚህ ቀን ያለበት ፎቶግራፍ፣ የባለሙያዎች ቃለ ጉባኤ፣ ለባለቤቱ የተሰጠ ደብዳቤ ግልባጭ ከክፍያው ጋር አብረው ይያያዙ።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ናይሮቢ አይታለች። ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ሁሩማ በተባለው ሰፈር የተደረመሰው ባለ ስድስት ፎቅ መኖሪያ ወደ 50 ሰዎች ገድሏል። ሕንጻው እንዲፈርስ አስቀድሞ ተወስኖበት ነበር። የጠፋው አፍራሽ ነው።

ወልዲያና መርሳ የማፍረስ ትእዛዝ ሲጽፉ ሁለት መስመር ይጨምሩበት። አንዱ የቀበሌ ቤት ተከራዩ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ የት እንደሚያድር፣ ሁለተኛው ቤቱ ቢፈርስም የቦታው ይዞታ በማን ስም እንደሚቆይ። እነዚህ ሁለቱ ተጽፈው ካልተሰጡት፣ ማንም ሰው ከሚወድቅ ቤት በፈቃዱ አይወጣም።