የቡና መኪና ረዳት ሥራው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ረዳትን ጭነት ላይ የሚተኛ ልጅ አድርጎ ያየዋል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የእኔ የረዳቱ ሥራ ግን የሚጀምረው መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ሸራው ላይ ነው።

ቡና የሚጫነው እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ ነው። የክረምት ዝናብ ከገባበት ይሻግታል። ስለዚህ ሁለት ሸራ ሲደራረብ የፊተኛው ጫፍ ከኋለኛው በላይ መዋል አለበት። ከተገለበጠ ነፋስ ከሥር ገብቶ ያነሳዋል፤ ገመዱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠብቁት ዋጋ የለውም።

አሰንዳቦ ስንቆም ሹፌሩ ሻይ ይላል፣ እኔ ጎማ እዞራለሁ። በብረት መታ መታ፦ የተነፋው ብረቱን ያነጥረዋል፣ የተነፈሰው ድምፁ ይታፈናል። በተለይ ከኋላ ያሉት ጥንዶቹ! የውስጠኛው ቢተነፍስ በዓይን አይለይም፤ ሸክሙ ግን ሁሉ ጓደኛው ላይ ይወድቃል።

ከአበልቲ ወደ ጊቤ ቁልቁለቱ ሲጀምር ወሬ ይቆማል። ሹፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ፍሬን ይወርዳል፤ የእግር ፍሬን ላይ ከተኛ ይግላል፣ ከጋለ አይዝም። የጋለ ፍሬን ሲሸት ቀድሞ መናገር የእኔ ድርሻ ነው። ስንቆም ታኮ ይዤ የምዘለውም እኔው ነኝ።

ክፍያን ካነሳን፣ በውጭ የጎልፍ ውድድር የተጫዋቹን ዱላ የሚሸከመው ካዲ፣ ተጫዋቹ ሲያሸንፍ ከሽልማቱ 10 በመቶ ያህል ማግኘቱ የተለመደ ነው። የእኛ ክፍያ ግን አበልና የሹፌሩ ደግነት ነው። አዲስ የምትገቡ ልጆች፣ ክፍያችሁን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ መርካቶ ከደረሳችሁ በኋላ አይደለም።