ለባቡርና ለገበያ የተሠሩ ግዙፍ አዳራሾች

ንግሥት ቪክቶሪያ የብሪታንያን ዙፋን የወረሰችው በ1837 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ የዩስተን ባቡር ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ንግሥቲቱ በ1901 ስታርፍ ሐዲድ ያልደረሰበት የእንግሊዝ ከተማ እምብዛም አልነበረም። በእነዚህ 63 ዓመታት የከተሞቹን መልክ ከለወጡት ሕንፃዎች ሁለቱ አብረው ያደጉ ናቸው፤ የባቡር ጣቢያውና የምርት ገበያው።

ጣቢያ ከባቡር በፊት በዓለም ላይ ያልነበረ ነገር ነው። ስለዚህ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያውቅ አርክቴክት አልነበረም። የነጋዴዎች መገበያያ አዳራሽ ግን የቆየ ነው፤ የለንደኑን የመጀመሪያ ሮያል ኤክስቼንጅ በ1571 የከፈተችው ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ናት። በቪክቶሪያ ዘመን የተለወጠው መጠኑና ብዛቱ ነው። እህሉ፣ ጥጡ፣ ሱፉ፣ የድንጋይ ከሰሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን አዳራሽ ፈለገ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያን አሠራር የሚያውቅ አንባቢ ሐሳቡ አይጠፋውም። ዕቃው ጎተራ ይቀመጣል፤ አዳራሹ ውስጥ የሚገናኙት ገዢና ሻጭ፣ ናሙናና ዋጋ ናቸው። ዕቃውን ከጎተራ አንሥቶ ገዢው ዘንድ የሚያደርሰው ደግሞ ባቡሩ ነው።

ሁለቱም ሕንፃዎች መሐንዲሱን የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ብዙ ሕዝብ የሚይዝ፣ ምሰሶ መሐሉን የማያጨናንቀው፣ ከላይ ብርሃን የሚገባበት፣ ዝናብ የማያስገባ ትልቅ ክፍል። ድንጋይና እንጨት ብቻቸውን ይህን መስጠት አይችሉም። መልሱ ብረትና መስታወት ሆነ። ጆሴፍ ፓክስተን በ1851 ለዓለም አቀፉ ኤግዚቢሽን የሠራው ክሪስታል ፓላስ ሁለቱ ሲጣመሩ ምን ያህል ስፋት መሸፈን እንደሚችሉ ለሕዝብ አሳየ። ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ መሐንዲሱ ብሩኔል የለንደኑን ፓዲንግተን ጣቢያ በብረት ቅስቶችና በመስታወት ከደነው።

የሴንት ፓንክራስ ጣሪያ

የዚህን ሥነ ሕንፃ ጠባይ በአንድ ቦታ ማየት ለሚፈልግ የለንደኑ ሴንት ፓንክራስ ይበቃዋል። ሚድላንድ የተባለው የባቡር ኩባንያ ወደ ከተማው ለመግባት ሲነሣ የሪጀንት ቦይ መንገዱን ዘጋበት። ጎረቤቱ ኪንግስ ክሮስ ከቦዩ ሥር በዋሻ አልፏል። ሚድላንድ ግን በድልድይ መሻገርን መረጠ። በዚህ ምክንያት ሐዲዱ ጣቢያው ሲደርስ ከመንገዱ አንድ ፎቅ ያህል ከፍ ብሎ ቀረ።

መሐንዲሱ ዊልያም ሄንሪ ባርሎው ከሐዲዱ ሥር የቀረውን ባዶ ቦታ በአፈር ከመሙላት ይልቅ ለገቢ ምንጭነት አዋለው። ሚድላንድ ከሚያጓጉዘው ዕቃ አንዱ በርተን ከተማ የሚጠመቀው ቢራ ነበር። ምድር ቤቱ የቢራ መጋዘን ሆነ፤ ወለሉን የተሸከሙት የብረት ምሰሶዎች የተራራቁበት ልክም በቢራ በርሜል ተሰላ። በበርሜል የተለካ ሕንፃ መሆኑን ባርሎው ራሱ አልሸሸገም።

ከላይ ያለው ጣሪያ በ1868 ሲጠናቀቅ በአንድ ቅስት የተሸፈነ የዓለማችን ሰፊው አዳራሽ ነበር። ስፋቱ 73 ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ ወደ 210 ሜትር፣ ከፍታው 30 ሜትር ገደማ ነው። ቅስት ሲከብደው እግሮቹ ወደ ውጭ መሸሽ ይፈልጋሉ። አንዳንድ ሌሎች ጣቢያዎች ይህን የሚገቱት ሁለቱን እግሮች በአየር ላይ በተዘረጋ የብረት ዘንግ በማሰር ነው። ባርሎው ግን ሐዲዱን የሚሸከሙት ከወለሉ ሥር ያሉ የብረት ወራጆች እግሮቹን እንዲያስሩ አደረገ። ጣሪያው ደጋን ቢሆን ወለሉ አውታሩ ነው። በዚህ ብልሃት ከተሳፋሪው አናት በላይ ያለው ቦታ ጥርት ብሎ ተከፈተ፤ የእንፋሎት ሞተሩ ጭስም የሚወጣበት ከፍታ አገኘ።

 

የፊትና የኋላ ክርክር

ሴንት ፓንክራስን ከመንገድ የሚያይ ሰው ይህን ጣሪያ አያየውም። የሚያየው የሚድላንድ ግራንድ ሆቴልን ነው፤ በቀይ ጡብ የታነጸ፣ ሹል ማማዎችና የጎቲክ መስኮቶች የበዙበት ሕንፃ። አርክቴክቱ ጆርጅ ጊልበርት ስኮት በውድድር ሲያሸንፍ ያቀረበው ንድፍ ከሁሉ ውዱ ነበር። ሆቴሉ በ1873 እንግዳ መቀበል ጀመረ። በአንጻሩ ጎረቤቱ ኪንግስ ክሮስ በ1852 ሲከፈት አርክቴክቱ ሉዊስ ኪዩቢት ምንም አልደበቀም። ከኋላ ያሉት ሁለት ጣሪያዎች፣ አንዱ ለመነሻ አንዱ ለመድረሻ፣ ፊት ለፊቱ ላይ በሁለት ግዙፍ ቅስቶች ይታያሉ፤ መሐላቸው ሰዓት ያለው ማማ ቆሟል።

የክርክሩ መነሻ እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን አዲስ ነገር ክብር የሚያገኘው የጥንት ልብስ ሲለብስ ነው ይላል። ኩባንያዎቹ ይህን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ገንዘቡን በባቡር አክሲዮን ላይ ያዋለ ሰው ቤተ መንግሥት የመሰለ ሕንፃ ሲያይ ልቡ ይረጋል። ሌላው ወገን ሥራው ውበቱ ነው ባይ ነው። የብራድፎርድ ነጋዴዎች ለሱፍ ገበያቸው የትኛው ስልት እንደሚሻል እንዲመክራቸው በ1864 ጸሐፊውን ጆን ረስኪንን ሲጋብዙት፣ እሱ ሕንፃው ጉዳዩ እንዳልሆነ ፊት ለፊት ነገራቸው፤ የሕዝብ ሥነ ሕንፃ የሚያሳየው የሕዝቡን እውነተኛ እምነት ነውና የእናንተ እምነት ትርፍ ነው አላቸው። እነሱም ሰምተው በ1867 ሱፍ ገበያቸውን ረስኪን ራሱ እንዲወደድ ባደረገው በቬኒስ ጎቲክ ስልት ጨረሱት።

ብርሃንና ሰዓት

ከምርት ገበያዎቹ ለዓላማው በጥንቃቄ የታሰበው የሊድስ እህል ገበያ ነው። የከተማውን ማዘጋጃ ቤትም የሠራው አርክቴክት ኩትበርት ብሮድሪክ በ1860ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሠራው ነው። ሕንፃው ሞላላ ሲሆን ከላይ የብረትና የመስታወት ጉልላት አለው። እህል የሚገዛ ነጋዴ ናሙናውን መዳፉ ላይ ዘርግቶ ቀለሙን፣ ንጽሕናውንና የፍሬውን ሙላት ያያል። በቀጥታ የሚወርድ ፀሐይ ይህን ዓይን ያሳስታል። ስለዚህ ብሮድሪክ የጉልላቱን ሰፊ መስታወት ወደ ሰሜን አዞረው፤ በዚያ አገር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለማትዞር ቀኑን ሙሉ የሚገባው ብርሃን እኩል ነው። በዙሪያው የነጋዴዎቹ ቢሮዎች በሁለት ደርብ ተደርድረዋል።

ማንቸስተር ደግሞ የጥጥ መናገሻ ነበረች። በ1874 የተጠናቀቀው ሮያል ኤክስቼንጅዋ ኋላ ሲሰፋ የመገበያያ አዳራሹ የዓለም ትልቁ ክፍል እስከመባል ደረሰ። ለንደን በ1849 የተከፈተ የድንጋይ ከሰል ገበያ ነበራት፤ ክብ አዳራሹ ከወለል እስከ ጉልላት በብረት የተሠራ ሲሆን አርክቴክቱ ጄምስ በንስቶን በኒንግ ነው።

ባቡሩ ገበያው ላይ ያመጣው ለውጥ በሰዓትም ይታያል። ቀድሞ እያንዳንዱ ከተማ የሚተዳደረው በራሱ ፀሐይ ነበር፤ ብሪስቶል ከለንደን 10 ደቂቃ ወደኋላ ትቀራለች። ባቡር ግን እንዲህ ባለ ልዩነት የጊዜ ሰሌዳ ማውጣት አይችልም። ኩባንያዎቹ በ1840ዎቹ የግሪኒች ሰዓትን ተቀበሉ፤ ሕጉ የተከተላቸው በ1880 ነው። የብሪስቶል ገበያ ሕንፃ ሰዓት እስከ ዛሬ ሁለት የደቂቃ ቆጣሪ እጆች አሉት፤ አንዱ ለለንደን፣ ሌላው ለከተማው።

ማን ቀረ፣ ማን ፈረሰ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለእነዚህ ሕንፃዎች የሚያዝን ሰው ጥቂት ነበር። በከሰል ጭስ ጠቁረዋል፤ ለማሞቅም ለማደስም ውድ ናቸው። የሴንት ፓንክራስ ሆቴል ገና በ1935 ተዘግቶ ነበር። ክፍሎቹ ብዙ፣ መታጠቢያ ቤቶቹ ግን እጅግ ጥቂት ስለነበሩ በአዲስ ሆቴሎች ተበለጠ። የዩስተን ጣቢያ ታላቅ የድንጋይ በር በ1961 መጨረሻ መፍረስ ጀመረ። የድንጋይ ከሰል ገበያው በ1962 መንገድ ለማስፋት ተናደ።

ለሁለቱም የተሟገተው የቪክቶሪያ ማኅበር ባይሳካለትም ሙግቱ ሕዝቡን ነቃ አደረገው። ባለቅኔው ጆን ቤቸመን ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበር። ሴንት ፓንክራስም ለመፍረስ ሲታሰብ በ1967 በከፍተኛው የቅርስ ደረጃ ተመዘገበ። በ2007 ከፓሪስና ከብራሰልስ የሚመጡ ባቡሮች ማረፊያ ሆነ፤ የቢራ መጋዘኑ የመንገደኞች አዳራሽና ሱቅ ሆኗል። ሆቴሉም በ2011 እንደገና ተከፈተ።

ማንቸስተር በ1968 የጥጥ ግብይቷን አቆመች። በ1976 በአዳራሹ መሐል ቴአትር ተተከለ። ወለሉ ክብደቱን ስለማይችል የብረትና የመስታወቱ መድረክ የተንጠለጠለው ከሕንፃው ግዙፍ ምሰሶዎች ላይ ነው፤ የመጨረሻው ቀን የጥጥ ዋጋም ከላይ ሰሌዳው ላይ እንደተጻፈ ነው። የሊድስ እህል ገበያ የሱቆች ማዕከል፣ የብራድፎርድ ሱፍ ገበያ የመጻሕፍት መደብር ሆነዋል።

የተረፉትን ያተረፋቸው ጌጣቸው ብቻ አይደለም። ጌጥማ የዩስተንም በር ነበረው። ሥራቸው ሲያልቅ ሌላ ሥራ መቀበል የሚችል ሰፊና ብሩህ ክፍል ነበራቸው፤ በሰዓቱ የተሟገተላቸው ሰውም አገኙ። አሮጌ ሕንፃ ይፍረስ ወይስ ይቆይ ብሎ የሚመክር ከተማ ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው፤ ክፍሉ ነገ ለምን ይሆናል?