ከጠባቂው ጋር እንዴት እንነጋገር?

አንድ የቤት አባወራ ቤተ ሰቡን ይዞ ተራራ ለማየትና በድንኳን ለማደር ሲነሣ፥ ስንቁንና ብርድ ልብሱን ያስባል፤ በመንገድ ስለሚያገኘው ጠባቂ ግን አያስብም። ስለዚህ ጠባቂው «ክልክል ነው» ባለው ጊዜ ይቈጣል፤ «እግዚአብሔር የፈጠረውን ተራራ ማን ይከለክለኛል?» ይላል። ይህ ጥያቄ መልስ የሚገባው ነው።

ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። በዚያ አገር የተራቈተው ተዳፋት እንዲያገግም ከከብትና ከምሳር ሲከለል፥ ገበሬው ሣሩን በማጭድ አጭዶ ተሸክሞ ይወስዳል እንጂ በሬውን አያሰማራበትም። በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ጥድና ወይራ የቀረውም «አይነካም» የሚለውን ሕግ አባቶች ስለ ጠበቁት ነው።

ከተከዜ ማዶ ያለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እንደዚሁ ነው። በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዳሩ ግን ሰውና ከብት ስለ በዛበት፥ ዋልያውም ስላነሰ፥ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ጋር ተቈጠረ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች የአባቶቻቸውን ቀዬ ለቀው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። እንግዲህ ቤቱንና ማሳውን የተወ ገበሬ ባለበት አገር፥ ለሁለት ሌሊት የመጣ እንግዳ «አንዲት የአስታ ቅርንጫፍ ቈርጬ ልሙቅ» ብሎ ቢከራከር እንዴት ያሳፍራል! በ2011 ዓ.ም. የተነሣው እሳት ጓሳውንና አስታውን ለቀናት ሲበላ፥ ለማጥፋት ከውጭ አገር ጭምር ርዳታ መጥቶ ነበር።

ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ቤተ ሰብ አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ። ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፥ ክፍያውን ከፍሎ፥ ደረሰኙን ይያዝ። በዚያም ስካውት የሚባለው ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ይመደብለታል። ድንኳኑን እንደ ሳንቃ በር፣ ግጭና ጨነቅ ባሉት የተፈቀዱ ሰፈሮች ብቻ ይትከል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ አለው፤ እንጨት ከመልቀም ይልቅ ወፍራም ልብስና የጋዝ ምድጃ ይዞ መሄድ ይሻላል። ውሻ ይዞ አይሂድ፤ የውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮ ጥፋት ነውና። ጭላዳ ዝንጀሮ እንጀራ እንዲለምድ አያድርግ፤ ቍሻሻውንም ይዞ ይመለስ።

ጠባቂውን ሲያገኝ አስቀድሞ ሰላምታ ይስጥ። ጠባቂው ብዙ ጊዜ የዚያው አገር ገበሬ ልጅ ነው፤ በብርድ ከእኛ ጋር ያድራልና ከማዕዱ ያካፍለው። «ተው» ሲባል ምክንያቱን በትሕትና ይጠይቅ፤ ሕጉ ካልገባው በጽሑፍ እንዲያሳዩት መለመን ነውር አይደለም። ጠባቂው ያለ ደረሰኝ ገንዘብ ቢጠይቅ ግን አይስጥ፤ በተራራው ላይ ከመጣላትም ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ለጽሕፈት ቤቱ ያመልክት። ሕግን ማክበር ለሰው ፊት መፍራት አይደለምና፥ ጠባቂውም ራሱ ከሕግ በታች ነው።

አባት ለጠባቂው የሚመልሰውን ቃል ልጆች ይሰማሉ። በጉቦ ሲያልፍ ያየ ልጅ ሕግ የድኻ ሸክም እንደ ሆነ ይማራል፤ አባቱ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ተፈቀደው ቦታ ሲዛወር ያየ ልጅ ግን ተራራው ገና ላልተወለዱትም እንደ ሆነ ያውቃል።